የእትዬ ፋንታዬ ቦይለር

እትዬ ፋንታዬ ጃጁ የተባለው በሙቅ ውሃ ምክንያት ነው። አዎ፣ በሙቅ ውሃ። ይሄን ነገር ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ዝም ብል ደግሞ ነገ በሌላዋ እናት ላይ ይደርሳልና ላውራው።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ፋንታዬ የደሴ ልጅ ናቸው፣ የሸዋ በር። በዚያ በክፉው ዘመን ከባላቸው ከአቶ ያሲር ጋር በሱዳን በኩል ወጡ፤ ካርቱም ላይ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ለንደን ሲገቡ ያቺን ልጅና አንድ ሻንጣ ይዘው ነበር። አቶ ያሲር ባስ ሾፌር ሆኑ። እትዬ ፋንታዬ ደግሞ የሲቲን፣ የባንኮቹን ሰፈር፣ ቢሮዎች ሲያጸዱ ኖሩ፤ ባለ ከረባቶቹ ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ ጠረጴዛቸውን ወልውለው ይመለሳሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድም ቀን ቀርተው ስማቸው አልተጠራም። ሰሜን ለንደን ኤድመንተን ያለው ቤታቸው የሃውዚንግ፣ የአከራይ ድርጅቱ ማለት ነው፣ ኪራይ ነው፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ፣ በመስኮቱ የመጋዘኖቹ ጣሪያና ባቡሩ የሚታይበት። ልጃቸውን ሰልማን ያሳደጉት እዚያ ነው፤ አቶ ያሲርም ከሁለት ዓመት በፊት ነፍሳቸው የወጣችው እዚያው ነው። ከዚህ ቤት በቃሬዛ ካልሆነ አልወጣም ይላሉ፤ ሲሉም እየቀለዱ አይደለም።

አቶ ያሲር በሕይወት ሳሉ ቤቱ የሚተዳደረው በእንግሊዝ ሰዓት ነበር። የባስ ሾፌር ደቂቃ ካጓደለ ይጠየቃላ! ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ “ስድስት ሰዓት እወጣለሁ” የሚሉት፣ እኛ አስራ ሁለት የምንለውን ነው። ሰልማም በዚያው አደገች፤ አማርኛዋ የጓዳ አማርኛ፣ ሰዓቷ የአባቷ ሰዓት። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ግን እትዬ ፋንታዬ አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥተው የግድግዳውን ሰዓት አወረዱና ስድስት ሰዓት ወደኋላ መለሱት። የእጃቸውንም እንደዚያው አደረጉ። ከእንግዲህ ማንን ሊያስረፍዱ ነው? የሚያመልጥ ባስ የለ፣ የሚጸዳ ቢሮ የለ። ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ከፍ ስትል አንድ፣ እኩለ ቀን ስድስት፤ እናታቸው የቆጠሩት አቆጣጠር ይሄው ነው፤ እሱን መልሰው ይዘው አረፉ። የሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው ስድስት ደምረው ይሄዳሉ፤ ዘግይተውም አያውቁ።

ወደ ቦይለሩ ልምጣ። የቤታቸው ውሃ የሚሞቀው ኮሪደሩ ላይ ባለች ቁም ሳጥን ውስጥ በተገተረ አሮጌ የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ሌሊት፣ መብራት ሲረክስ፣ ሞቆ ያድራል፤ ጠዋት ይታጠቡበታል። መስከረም ላይ ሃውዚንግ የላካቸው ሁለት ሰዎች መጥተው ቆጣሪውንና ታይመሩን ቀየሩ። አዲሱ ታይመር ከሌሊቱ አንድ እስከ ስድስት፣ በእንግሊዝ አቆጣጠር ማለት ነው፣ እንዲያሞቅ ተሞልቶ የመጣ ነው። የቀረው የታይመሩን ሰዓት ከቀኑ ሰዓት ጋር ማስማማት ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል። ሰዎቹ ግን ለሌላ ቤት ረፍዶባቸዋል። አንደኛው ከበሩ ሆኖ፣ ሰዓቱን ራስሽ አስተካክዪው ዳርሊንግ፣ ብሎ ሄደ። ሰባ ያለፋቸውን ሴት ዳርሊንግ! ያንን አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቢሄድ ምን ነበረበት? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አሉ፤ አረሙ የበቀለው ግን ሰውየው ማሳ ላይ ሳይሆን እትዬ ፋንታዬ ላይ ነው።

እትዬ ፋንታዬ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የእጃቸውን ሰዓት አዩ፣ አራት ሰዓት ነበር፣ አራት ብለው ሞሉት። ጠዋት መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት እንኳን አልዘነጉም። ማሽኑ ግን የደሴ ልጅ አይደለም። አራት ሲሉት የእንግሊዝ አራት፣ ገና ያልነጋ፣ መሰለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌሊቱን ለጥ ብሎ ይተኛና እትዬ ፋንታዬ ሰግደው ቁርሳቸውን በልተው ሲጨርሱ ይነሳል፤ መብራት በሚወደድበት ሰዓት እያጓራ እስከ ቀትር ሲያፈላ ይውላል። ታንኩ ደግሞ አሮጌ ነው፣ ሙቀት አያቆይም። ማለዳ ለሱብሂ ሶላት ቧንቧውን ሲከፍቱት በረዶ ነው።

ቁርጥማት ያለበት ሰው ይሄን ያውቀዋል። ውዱእ ሊያደርጉ እጃቸውን ሲዘረጉ ጣቶቻቸው ተቆልምመው ይቀራሉ፤ እግራቸውን ሲያጥቡ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። በድስት ውሃ አሙቀው እየተሸከሙ ሊሞክሩት ፈለጉ፤ አንድ ቀን ድስቱ ከእጃቸው ሊያመልጥ ሲል ተዉት። ቤት ሙሉ ቦይለር እያለ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ሃውዚንግ ደወሉ። ሙዚቃ አሰሟቸው። እንደገና ደወሉ፣ ያንኑ ሙዚቃ። ያገኟት አንዲት ልጅ፣ ከዚህ ሆኜ ሲታየኝ ቦይለሩ በቀን የተመደበለትን ያህል መብራት ወስዷል፣ ስለዚህ እየሠራ ነው፣ አለቻቸው። እሳቸውም መሥራቱንማ አውቃለሁ፣ የሚሠራው በማይሆን ጊዜ ነው እንጂ፣ አሉ። ልጅቱ ደግማ እየሠራ ነው አለች። ከስንት ልመና በኋላ ቴክኒሻን ተላከ፣ ረፋድ ላይ። ወጣት ነው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉን ረግጦ ገባ፤ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ታይመሩን አየ።

“ስንት ሰዓት ነው አሁን?” አላቸው በእንግሊዝኛ።

“አራት” አሉ፤ ታይመሩም አራት ይላል፣ የእጃቸውም አራት ይላል።

“አስር ነው እኮ!”

“አዎ፣ አስር” አሉ እትዬ ፋንታዬ። ይሄ ለሳቸው ምንም የሚያከራክር ነገር አይደለም።

“አራት ነው ወይስ አስር?”

“ሁለቱም። ያው ነው።”

እንግዲህ ፍረዱ። ከሳቸው ወገን ሆናችሁ ስትሰሙት እንደ ፀሐይ የጠራ ነገር ነው። ልጁ ግን እንዴት ነው ያው የሚሆነው ብሎ ለመጠየቅ እንኳን አልፈለገም። ትክ ብሎ አያቸው፣ ድምፁን አለሰለሰ፣ በያዘው ታብሌት ላይ የሆነ ነገር ነካካ፣ ታይመሩን አስር አድርጎ ወጣ። እትዬ ፋንታዬ በሩን ዘግተው ሲመለሱ ምን ያያሉ? ሰዓቱ ተበላሽቷል! ይሄ ባለጌ ሊጠግን መጥቶ ጭራሽ አዛብቶብኝ ሄደ ብለው ወደ አራት መለሱት። ወዲያውም ሃውዚንግ ደወሉና የላካችሁት ልጅ ደህናውን ሰዓት አበላሽቶብኝ ነበር፣ እኔው ጠገንኩት፣ ብለው ከሰሱ። ያቺ የስልክ ልጅ ያን ዕለት በጣም ትሑት ሆነችባቸው። በጣም ትሑት ስትሆን ነው መፍራት የነበረባቸው።

ሃውዚንግ ቀጥሎ የደወለው ለሳቸው አይደለም፤ ለሰልማ ነው። ሰልማ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ እናቷን የምትወድ ልጅ ናት፤ ይሄን አልክድም። እናትሽ ግራ ተጋብተዋል፣ ቀኑን ከሌሊቱ አይለዩም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይነካካሉ፣ ቤት ያቃጥላሉ ብለን ሠግተናል አሏት። ቅዳሜ እየሮጠች መጣች። ገና ስትገባ የግድግዳውን ሰዓት አየች፣ የእናቷን እጅ አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ ቃል አልጠየቀችም። ማብሰያውን አጠፋች፣ ካውያውን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእናቷ ጋር ስታወራ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ ለሕፃን እንደሚወራ ሆነ። እትዬ ፋንታዬ ጆሮዬ ደህና ነው አቦ፣ ምን ያስጮህሻል፣ ሲሏት ጀርባቸውን ዳበሰቻቸው። መዳበሱን ጠሉት።

ነገሩ የገባቸው ሰልማ ስለ ፊንስበሪ ፓርክ ስታወራ ነው። እዚያ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አለ፣ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ነው፣ መስጂድ ቅርብ ነው፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው አለ እያለች በወሬ ታስጎበኛቸዋለች። እትዬ ፋንታዬ የጠገንኩት ቦይለር ነው፣ ምኑን ነው የምጠበቀው፣ አሉ። ሰልማም ምንም አይደለም እማዬ፣ ከካውንስል አንድ ሰው መጥቶ ጀስት ቼክ ሊያደርግሽ ነው፣ አለች። እንግዲህ የሰውየው ቼክ እንዴት እንደሚወጣ ነው ቤታቸው የሚቆመው ወይም የሚፈርሰው።

የካውንስሉ፣ የወረዳው ማለት ነው፣ ሰውዬ ቤንጃሚን ይባላል። ጨዋ ነው፤ ጫማውን አወለቀ፣ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ፣ ቤቱን አመሰገነ። በራስዎ ቋንቋ ቢመልሱ ይቀልዎታል፣ ልጅዎ ታስተርጉም፣ አለ። እዚህ ላይ እኔ ሁልጊዜ እቆማለሁ። እናት ለሃያ ምናምን ዓመት በእንግሊዝኛ ቢሮ አጽድታለች፤ በጎደለውም እንግሊዝኛዋ ቢሆን ራሷ ብትመልስ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልሆነ! ግን ጥያቄው በአማርኛ መጣ፤ እሳቸውም በአማርኛ መለሱ።

ዓመቱ ስንት ነው ተባሉ። ሁለት ሺህ አስራ ስምንት አሉ። ልክ ናቸው፤ ከመስከረም ወዲህ ሌላ ዓመት የለንም። ሰልማ እንደሰማችው ገልብጣ ተናገረችው፤ ወዲያው ዓይኗ ውሃ ሞላ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ ስምንት አባቷ በሕይወት ነበሩ፤ እናቴ ከሞተው ሰው ጋር ነው የምትኖረው ብላ ደነገጠች፤ አባቴ ሞቷል፣ ብላ ለሰውየው ሹክ አለችው። ወሩስ ተባሉ። ኅዳር አሉ። ሰልማ ደግሞ ከመስከረም በቀር የአማርኛ ወር አታውቅም። ኅዳር ምን እንደሆነ እናቷን ከመጠየቅ ይልቅ ለሰውየው፣ የሰጠችው መልስ ወር አይደለም፣ አለችው። እናንተ! አንድ ሰው የማያውቀውን ቃል የእብደት ምልክት ሲያደርገው እንዴት አያቃጥልም? ያውም ልጅ፣ በገዛ እናቷ ላይ።

በመጨረሻ ሰዓት ስንት ነው ተባሉ። እትዬ ፋንታዬ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

“ዘጠኝ” አሉ።

ሰልማ እንደምንም “ናይን” አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቤንጃሚን ስልኩን አየ፤ ሦስት ይላል። ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። እትዬ ፋንታዬ ያንን መነቅነቅ አዩት፤ ልጃቸው ስታለቅስም አዩ፤ አንዲት ቃል ደግሞ ጆሮአቸው ውስጥ ቀርታለች።

“ቆይ” አሉ። “ናይን ነው ያልሽው?”

“አንቺ ነሽ ያልሽው፣ እማዬ።”

“እኔ ያልኩት ዘጠኝ ነው።”

“ዘጠኝ ናይን ነው እኮ፣ እማዬ።”

“ዘጠኝ ስሪ ነው!” አሉ እትዬ ፋንታዬ፤ ሻይ የያዙበትን ሲኒ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ጮኸ።

ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ወደ ሰውየው ዞሩና በዚያው በጠራጊነት እንግሊዝኛቸው አወረዱት። አገሬ ፀሐይ ስትወጣ ነው ቀን የሚጀመረው፣ ያንተ አገር ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ በእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ ያንተ ሰባት የኔ አንድ ነው፣ ያንተ ሦስት የኔ ዘጠኝ ነው፣ ስድስት ደምር ወይም ስድስት ቀንስ፤ ዓመታችን ደግሞ ካንተ ወደኋላ ነው፣ ወራችን ኅዳር ነው፣ ስልክህ ላይ ፈልገው፣ አሉት። ባሌን በእጄ ነው ያጠብኩትና የቀበርኩት፣ መሞቱን የሚነግረኝ አልፈልግም፣ አሉት። ሰውየው ግራ ገብቶት ሰልማን አየ። ሰልማ ደግሞ አፏን ከፍታ ቀርታለች፤ የሠርግ ጥሪ ሲመጣ አባቷ ጆሮዋ ላይ “ስድስት ጨምሪበት” የሚሏትን ያን ጊዜ አስታወሰች። ቀልድ ይመስላት ነበር፤ ሐበሻ ስለሚያረፍድ ነው የሚሉት ብላ ነበር። እውነቷን ነው፣ አለች በቀስታ። ቤንጃሚንም ስልኩ ላይ ፈለገ፣ አገኘ፣ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

እትዬ ፋንታዬ ግን በቁጣቸው መሐል ቀጥ አሉ። ቁም ሳጥኑ ታወሳቸው። ወደ ኮሪደሩ ሄዱ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። ታይመሩ ላይ ዘጠኝ ይላል። እንደ ሰው አፍጥጠው አዩት።

“አንተም ፈረንጅ ነህ ለካ” አሉት።

ወላሂ ይሄን አላሰብኩትም ብለው ለራሳቸው አመኑ። ማሽን በየትኛው አገር ሰዓት እንደሚያስብ አስቤ አላውቅም አሉ። ስድስት ደምረው የከሰዓት ሦስት አደረጉት፤ በጣታቸው፣ ያለማንም እርዳታ። ስሕተታቸው ይሄው ነው፣ ከዚህ ሌላ የለባቸውም። ቁልፉን መጫን ሥራው የነበረውም ሰው እሳቸው አልነበሩም።

ቤንጃሚን ይቅርታ ጠየቀ፤ ከልቡ ነው። ከቤትዎ የሚያስወጣዎት የለም፣ ይሄ ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል፣ አላቸው። ሃውዚንግ የጻፈው ግን፣ ግራ ተጋብተዋል የሚለው፣ ከፋይላቸው እንደማይፋቅ፣ እሱ ማድረግ የሚችለው ከሥሩ መጨመር ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ሰውን አሳብዶ መጻፍ በደቂቃ፣ መሰረዝ ግን ክልክል። እንግዲያው በትልቁ ጨምርበት፣ አሉት። ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሰልማ ምንጣፉ ላይ፣ ከእናቷ እግር ሥር፣ ተቀመጠች።

“ለምን አልነገርሽኝም እማዬ? እንዲህ ነው የምቆጥረው ብትዪኝ ኖሮ።”

“ማን ጠየቀኝ?” አሉ እትዬ ፋንታዬ። “ያ ባለ ቦይለር አያውቀኝም። ይሄኛውም እንግዳ ነው፤ ይሁን። ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ተፈራረቃችሁብኝ፤ የማን ሰዓት ነው ያለኝ ግን የለም። አንቺስ እሺ፣ ግድግዳዬን አየሽ፣ እጄን አየሽ። እማዬ ይሄ ምንድነው ማለት እንዴት አቃተሽ? እናትሽን ከመጠየቅ ለፈረንጅ ብታስመረምሪያት ቀለለሽ?”

ሰልማ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም፤ ቀኑን ሙሉ ልባቸው ውስጥ ሲብላላ የዋለ አንድ ነገር አለ።

“ፊንስበሪ ፓርክ ያለውን ክፍል አይተሽው ነበር?”

“አዎ” አለች ሰልማ፣ አንገቷን ሳታቀና። “መጋረጃ ሁሉ ገዝቼልሽ ነበር። ሰማያዊ። ሰማያዊ ስለምትወጂ።”

ይሄ ከቴክኒሻኑም፣ ከስልኳም ልጅ፣ ከካውንስሉም ሰውዬ ይልቅ አቆሰላቸው። መጋረጃ ተገዝቶላቸዋል! እሳቸው እዚህ ቁጭ ብለው ከቦይለር ጋር ሲሟገቱ፣ ልጃቸው የሌላ ቤት መስኮት ለክታ ጨርሳለች። ባቡሩ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

“መጋረጃውን አምጪው” አሉ በመጨረሻ። “እዚህ ነው የሚሰቀለው። አንቺው ትሰቅይዋለሽ፤ በመጣሽ ቁጥርም እያየሽው ታፍሪያለሽ።”

እሁድ መጥታ ሰቀለችው። እትዬ ፋንታዬ መሰላሉን ያዙላት።